ሳይነካ ክፍት ነው

«ቁልፉን ተጫኝው በያት» አለ ፊውዝ።

«ተጫኝው ይልሻል» አለች እናትየው፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች።

«ተጭኜው ተጭኜው ጣቴ ሊቆረጥ ነው በይው።»

«ጣቷ ሊቆረጥ ነው።»

«ይቆረጥ። እሱንም ጀምራ አትጨርሰውም በያት።»

«ይሄንንስ አልልም» አለች እናትየው።

«ሰምቼዋለሁ እማዬ፣ አትድከሚ» አለች ሚጢ።

መስማቷ የት ይቀራል። ሚጢና ወንድሟ ፊውዝ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት፤ እግራቸው ከስር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ግን ከተኳረፉ ወራት አልፈዋል፣ በነዚህ ሁሉ ወራት አንዱ ለሌላው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሲቸግራቸው የሚነጋገሩት በእናታቸው አፍ ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ቁልፍ እየሰፋች፣ ከወዲህ የሰማችውን ወዲያ ታቀብላለች፣ ከወዲያ የመጣውን ወዲህ ትመልሳለች። መንፈቅ ሙሉ ሁለት ቤት የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንኳን የሷን ያህል አልተመላለሰም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ደሞ የእጅ መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ ቦርድ ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር ቺፕ አለ፣ ኤፍፒጂኤ ይሉታል። ይሄ ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ባዶ ጭንቅላት ነው። ምን መሆን እንዳለበት በላፕቶፕ ስለህ የምትነግረው አንተ ነህ፤ ሰዓት ሁን ካልከው ሰዓት ነው፣ ደወል ሁን ካልከው ደወል። እነሚጢ በሚሰለጥኑበት ቦታ የታዘዙት ውስጡ ትንሽዬ ፕሮሰሰር እንዲስሉ ነው፣ ማለትም ትዕዛዝ እያነበበ የሚሰራ አንጎል። ከዚያ ለዚያ አንጎል ፕሮግራም ይጻፍለታል፦ ቁልፉ ሲጫን ትንሿን መብራት አብራ፣ ሲለቀቅ አጥፋ። በቃ። የጀማሪ ጀማሪ ስራ።

«ሶፍት ፕሮሰሰር ነው የሚባለው» ብላ ነበር ሚጢ ጠዋት ለእናቷ ስታስረዳ።

«ሶፍት? የአፍንጫ መጥረጊያው?»

«አይ እማዬ። ተሰርቶ የመጣ ሳይሆን እኛ የምንስለው ለማለት ነው።»

«እንግዲህ ሶፍት ከሆነ ከምሳ በፊት ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ» ብላ ነበር እናትየው።

ምሳም አለፈ። መብራቷ እንደጨለመች ናት።

ይሄ ሁሉ የሆነው እሁድ ነው። ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ በየጠረጴዛው እየዞረ ያያል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቁርጡን ተናግሯል፦ «መብራት ያላሳየኝ ጥንድ ማክሰኞ እንዳይደክም።» ጥንዱን የመደበው ደሞ የስም ዝርዝሩን አይቶ ነበር። «የአንድ አባት ልጆች ናችሁ? እናንተማ ተመቻችሁ» አላቸው። ሁለቱም ዝም አሉ፣ እሱ ደስታ መሰለው።

ፊውዝ ቢባረር ምንም አይጎድልበትም። የላከው የሚሰራበት ፋብሪካ ነው፤ ወደ ጥገና ክፍሉ ተመልሶ ያንኑ ሞተሩን ይፈታል። ሚጢ ግን መመለሻ የላትም። ነርስነት ጀምራ ትታለች። ልብስ ዲዛይን ጀምራ ትታለች። ይሄን ስልጠና ስትመዘገብ እናቷ እጇን ይዛ «ይሄ ሦስተኛሽ ነው ልጄ። ከዚህም ከወጣሽ አጎትሽ ጋ ገብተሽ ፎቶ ኮፒ ታነሻለሽ። እኔ ከእንግዲህ የምከራከርልሽ አፍ የለኝም» ብላታለች። አጎትየው የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ አለው። ባገኛት ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ጎን ቦታሽ አለ» ይላታል፣ ለመልካም አስቦ። ሚጢ ያንን ማሽን ስታስብ ክዳኑ ስር እንደገባች ሁሉ ትንፋሿ ያጥራል። ቀኑን ሙሉ ክዳን ማንሳት፣ ወረቀት መገልበጥ፣ ክዳን መዝጋት። እዚህ ስልጠና ላይ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሚከፋት ሰው ሆናለች። ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ሁለት ጊዜ ጀምሮ የተወ ሰው «ሦስተኛውን ወደድኩት» ቢል ማን ያምነዋል።

የኩርፊያው ምክንያትም ከዚሁ ነው የሚመዘዘው። ከዚህ ስልጠና በፊት ሚጢ ወንድሟ ፋብሪካ ለረዳት ቴክኒሻንነት አመልክታ ነበር። አለቃው ፊውዝን ጠርቶ «እህትህ ትሆነናለች?» ሲለው፣ ፊውዝ ትንሽ አሰበና «እጇ ለእቃ አይሆንም» አለ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ሰማ። ጥበቃው ደሞ የምታውቅ መስሎት ሲያጽናና ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚጢ አፏን ዘጋችበት፣ ለምን እንደሆነም አልነገረችውም። ፊውዝም ፊውዝ ነው፤ የስራ ባልደረቦቹ በከንቱ አላወጡለትም፣ በትንሽ ነገር ነው የሚቃጠለው። «ካላናገረችኝ ለምኜ አላናግራትም» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ።

ስራውን የተከፋፈሉትም ተኳርፈው ነው። ፊውዝ በራሱ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን ይስላል፣ ሽቦውን ቺፑ ውስጥ ያገናኛል። ሚጢ የቦርዱን መመሪያ ስልኳ ላይ ታነባለች፣ ፕሮግራሙንም እዚያው ትጽፋለች። ጠዋት ላይ ፊውዝ ፕሮሰሰሩን እየሳለ አንድ ቦታ ቆመ። ቦርዱ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ መብራቷን እንዲያበራ የታሰበው ነው። ሌላዋ ጥግ ላይ ያለችው ቀይዋ ናት፣ ሪሴት፤ ፕሮሰሰሩ ሲደናገር ቀጥ አድርጋ አቁማ እንደ አዲስ የምታስነሳው። ላፕቶፑ ታዲያ ይቺ ሪሴት ፕሮሰሰሩን የምታቆመው አንድ፣ ማለትም ኃይል ስትልክ ነው ወይስ ዜሮ፣ ማለትም ባዶ ስትልክ ብሎ ጠየቀ።

«እማ» አለ ፊውዝ፣ «የሪሴቷ ቁልፍ ሳትነካ ምንድን ናት? ክፍት ናት ዝግ ናት በያት።»

ሚጢ ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። አገኘችው። «ሳይነካ ክፍት ነው በይው።»

«ሳይነካ ክፍት ነው ትልሃለች።»

ፊውዝ ጠቅ አደረገና አለፈ። ቃሏ ከአፍ አፍ ስትዞር አንዲት ፊደል አልተሸረፈባትም።

እና ከሰዓት በኋላ ነው ያልኳችሁ። ስራው እምቢ ሲል መጀመሪያ የተጠረጠረው ገመዱ ነበር። ሚጢ ነቀለች፣ ሰካች፣ የስልኳን ገመድ አምጥታ ቀየረች። ቦርዱ ኃይል እንዳለው የምታሳየው ብርቱካናማ መብራት ቦግ ብላለች። የነሱዋ ግን የለችም። ላፕቶፑም ቅር አላለውም፤ በአረንጓዴ ጽሁፍ «ተጭኗል፣ ተሳክቷል» ይላል። ስህተት አለ ቢል እኮ ይሻል ነበር፣ ስህተቱን የሚናገር ማሽን ግማሽ ሰው ነው። ይሄኛው ከቤቱ ሰዎች ተምሮ አኩርፏል።

ቀጥሎ ፊውዝ ሽቦውን ሊፈትሽ ተነሳ። ፕሮሰሰሩን ለጊዜው አወጣውና ቺፑ ውስጥ ከቁልፉ ወደ መብራቷ በቀጥታ አገናኘ። ሲጫነው መብራቷ ብልጭ አለች። ሲለቀው ጠፋች። ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ ሆን ብሎ ደጋገመው።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና እጆቹን ከማጅራቱ ኋላ አጣመረ። «እማ፣ የኔ ሽቦ ጤነኛ ነው። ሬሳው ያለው በሷ በኩል ነው በያት።»

«ምን ሬሳ ታመጣብኛለህ ቤቴ ውስጥ» አለች እናትየው።

ሚጢ ፊቷ ጋለ። ክፋቱ፣ አነጋገሩ ነው እንጂ ሐሳቡ ልክ ነበር። ቁልፉ ደህና ከሆነ፣ መብራቷም ደህና ከሆነች፣ የቀረው ወይ ፕሮሰሰሩ ነው ወይ የሷ ፕሮግራም። እና ፕሮግራሟን መቆራረጥ ጀመረች። ቁልፉን የሚያነበውን አወጣች፣ የሚጠብቀውን አወጣች፣ የሚያወዳድረውን አወጣች። በመጨረሻ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ቀረ፦ መብራቷን አብራ። ቁልፍ ተነካ አልተነካ አትበል፣ ዝም ብለህ አብራ። ከስልኳ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ለእናቷ ሰጠች። እናትየው ክር በጥርሷ እየበጠሰች ለፊውዝ አሻገረች። ፊውዝ ከነ ፕሮሰሰሩ መልሶ ጫነው።

ጨለማ።

«ስሚኝ እማዬ» አለች ሚጢ፣ ድምጿ ቀጥኖ። «አብራ ተብሎ ማብራት ያቃተው ፕሮሰሰር ከነጭራሹ አልተነሳም ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ፕሮግራም ቢሆን በትንሹም ቢሆን ይሳሳት ነበር። ይሄ አልተሳሳተም፣ ተኝቷል። የሳለው ደሞ እሱ ነው በይው።»

«አንተ ነህ የሳልከው ትላለች።»

«እኔ የሰራሁት ሁሉ እየዞረ ነው፣ ፋብሪካው ምስክር ነው። ጅምሬ ሰርታ የጨረሰችው አንድ ነገር ካለ ታሳየኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ በያት።»

ጅምሬ ነው የሚላት። ድሮ ሲስቁበት የነበረ ስም ነው፤ አሁን ሲላት ጠጠር እንደወረወረባት ነው የሚሰማት።

«የፋብሪካው ሞተር ቢዞር ምን ይገርማል፣ እሱንም ስንት ዓመት ስታዞረው ኖረሃል በይው። ከቦታህ ግን ፈቀቅ አላልክም በይው።»

እናትየው መርፌውን ዩኒፎርሙ ላይ ሰካችና ተነሳች። ሁለቱንም በተራ አየቻቸው።

«እኔ ከእንግዲህ አፌን ለማንም አላከራይም» አለች። «ስወልዳችሁ ለየራሳችሁ አፍ ሰጥቻችኋለሁ፣ ምላስም ጨምሬ። ከኔ የወጣ ነው፣ ሂዱና ተጠቀሙበት።» የጨረሰቻቸውን ሸሚዞች በክንዷ ታቀፈች፣ «እነዚህን ታች ቤት አድርሼ እመጣለሁ፣ ስመለስ ወይ ተዋደዱ ወይ ተገዳደሉ፣ ብቻ ወለሉን አታበላሹብኝ» ብላ በሩን ጎተተችው።

የላፕቶፑ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው።

ፊውዝ ሰዓቱን አየ። የማታ ፈረቃ አለበት። ሳይሰናበት ላፕቶፑን አጠፍ አደረገና ከቦርዱ የተሰካውን ገመድ ሊነቅል እጁን ሰደደ። ሚጢ አሰበችም አላሰበችም፣ ቦርዱን ቀድማ ያዘችው። ላፕቶፑ ከሄደ ዛሬ ሄደ፣ ነገም ሄደ፣ አጎቷ ጋ ያለው ክዳን ተከፈተ ማለት ነው። ፊውዝ ወደ ራሱ ሳበ። እሷም ወደ ራሷ ሳበች። እንደ ሕፃን። ፊውዝ አጥብቆ ሊይዘው አውራ ጣቱን አሻሻለ።

መብራቷ በራች።

«በራ» አለች ሚጢ። ለማን እንደተናገረች ራሷም አላወቀች።

ፊውዝ ደንግጦ ለቀቀው። ጠፋች።

ሚጢ ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እንቁላል። አንድ ነገር ማወቅ ነበረባት፣ እናቷ ደሞ ታች ቤት ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጣትህ የት ነበር?»

ፊውዝ ዞር ብሎ በሩን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ። «ለማን ነው የምታወሪው? እማዬ የለችም።»

«ለግድግዳው ነው። ግድግዳው፣ አሁን ስትይዘው ጣትህ የት ነበር?»

«ግድግዳው ምን አገባሽ ይልሻል።»

«ግድግዳው ቅድም እንደያዘው ይያዘው። ያንኑ አያያዝ።»

ፊውዝ የቸገረው ይመስላል። ሊሄድም ይፈልጋል፣ የበራችው መብራት ግን ይዛዋለች፤ ክፉ ቢሆንም ቴክኒሻን ነው። ቦርዱን አነሳና አውራ ጣቱን ቅድም የነበረበት አሳረፈ። ጥግ ላይ፣ ቀይዋ ላይ። ሲጫናት መብራቷ በራች። ሲለቃት ጠፋች። ሚጢ ከእጁ መንጭቃ ራሷ ሞከረችው። ያው ነው።

«የምታቆመዋ ቁልፍ ናት የምታስኬደው?» አለ ፊውዝ ለራሱ።

«ተገልብጣለች» አለች ሚጢ። «ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው። ካልነካናት ሁልጊዜ ሪሴት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁም እያልነው ነው ለምን አትሄድም ብለን የምንሰድበው። ምን ብለህ ነው የሞላኸው?»

«አንቺ ያልሽውን ነዋ። ሳይነካ ክፍት ነው አልሽ፣ ክፍት አደረግኩት።»

«ክፍት ስትል ምን አደረግከው?»

«ዜሮ።»

«ክፍት እንዴት ዜሮ ይሆናል?»

«ክፍት ዜሮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሰርኪዩቱ ክፍት ነው ማለት ተቆርጧል ማለት ነው። ከተቆረጠ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ይሄን ሶኬት የሚገጥም ልጅ ያውቀዋል።»

«ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው ሲባል ጠፍቷል ማለት ነው? ሬዲዮ ክፈት ስትባል ታጠፋዋለህ?»

«ሬዲዮ ሌላ ነው።»

«ቧንቧ ክፍት ከሆነ ውሃ አያልፍም?»

«ሽቦ ቧንቧ አይደለም።»

«መመሪያው ሳትነካ አንድ ትሰጣለች፣ ስትነካ ዜሮ ነው የሚለው። አንድ ነዋ፣ በርቷል፣ ክፍት ነው!»

ሁለቱም በአንዴ ቀይዋን አዩ። ነገሩ ገባቸው፣ ደስ ግን አላላቸውም። ለእህትየው ክፍት ማለት እንደማንኛውም ሰው የበራ፣ የሚሄድ፣ አንድ። ለወንድምየው ክፍት ማለት እንደማንኛውም ኤሌክትሪክ ሰራተኛ የተቆረጠ፣ የሞተ፣ ዜሮ። አንድ እናት ያፈራቻቸው ልጆች በአንድ ቃል ተቃራኒ ነገር ሲሉ ውለው፣ እናትየው ሳታጎድል ሳትጨምር እያመላለሰች ኖራለች።

«እሺ» አለ ፊውዝ፣ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። ሰዓቱን እንደገና አየ። «የማስተካከሉ ስራ አንድ ጠቅ ማድረግ ነው። ከዚያ እንደገና ይሳላል። ግን መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ነው በይ።»

«አንተ ክፍት ነው ዝግ ነው ብለህ ጠየቅክ፣ እኔ በጠየቅከኝ መለስኩልህ። ለምን ነው የኔ የሚሆነው?»

«መመሪያው ያለው አንቺ ጋ ስለሆነ። በይ። ሁለት ቃል ነው።»

«አልልም።»

«እንግዲያው ነገ ጣትሽን ሪሴት ላይ ተክለሽ ለአሰልጣኙ አሳዪው።» ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑን ጎተተ። «በዚያው አጎቴ ጋ ትሄጃለሽ። እሱም ማሽን ነው፣ ቁልፍ አለው።»

ሚጢ ልትጮህበት ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው፣ ድምጿም ዝቅ ብሎ ነው የወጣው።

«እጇ ለእቃ አይሆንም ብለሃል።»

ፊውዝ ዚፑ ላይ እጁ ቀረ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ጥበቃው።»

«ጥበቃው ወሬኛ ነው።»

«አላልክም?»

ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢክድላት ይቀልላት ነበር፣ ውሸታም ብላው ነገሩ ያልቃል። ፊውዝ ግን ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ብያለሁ» አለ። «አልክድም። ነርስነት ገባሽ፣ ወጣሽ። ዲዛይን ገባሽ፣ በመቀስሽ እማዬ ጨርቅ ትቆርጥበታለች። አለቃዬ ጠርቶ ትሆናለች ወይ ሲለኝ ምን ልበለው? ትቆያለች ብዬ ልማልልሽ? ጥለሽ ስትሄጂ በየቀኑ ፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«አላውቅም ማለት ትችል ነበር።»

ፊውዝ የቦርሳውን ማንጠልጠያ በጣቱ ጠቀለለ።

«ትሆናለች በል አላልኩህም» አለች ሚጢ። «ስለኔ ማልልኝ አላልኩህም። አላውቅም ብትለው እኔን ጠርቶ ይጠይቀኝ ነበር። እጄን አይተኸው ታውቃለህ? መቼ ነው ያየኸው?»

ከታች በኩል የሆነ ሰው በር ወርውሮ ዘጋ። ፊውዝ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ዚፑን ከፈተ፣ ላፕቶፑን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጎ አስቀመጠው። ይቅርታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ የለም፣ የተናደደ ሰው ነው። ላፕቶፑን ወደሷ አዞረው።

«ንኪ» አላት። «አንቺው አስተካክዪው። ኋላ እሱ ነው የሰራልኝ ብለሽ እንዳታወሪ።»

«የት ነው?»

«ፕሮሰሰሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ። አዎ። አሁን ዝቅ በዪ… ዝቅ ነው ያልኩሽ እንጂ መሬት ግቢ አላልኩሽም። እዚያ ጋ። ያንን ክፈቺው።»

«በማን አማርኛ?»

ፊውዝ ሊስቅ ነበር፣ ጥርሱን ነክሶ አስቀረው። «ከአሁን በኋላ ክፍት ዝግ የሚባል ነገር የለም። አንድ ወይ ዜሮ።»

«አስታራቂ ሐሳብ አመጣህ። ዜሮ ሲመጣ ይቁም፣ አንድ ሲሆን ይሂድ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው። እጅሽን አታንቀጥቅጪው።»

«አልተንቀጠቀጠም።»

«ተንቀጥቅጧል።»

ጠቅ አደረገች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ሰርኪዩቱን እንደ አዲስ ሲስል እንደ ደከመው አህያ ያቃስታል፣ አረንጓዴው መስመር ሲንፏቀቅ ያየ ሰው ቢገፋው ደስ ይለዋል። ሚጢ የመጀመሪያውን ሙሉ ፕሮግራሟን መልሳ አስገባች። ፊውዝ ስልኩን አውጥቶ ለፈረቃ አጋሩ «ትንሽ እዘገያለሁ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ደወለ፣ የቤተሰብ ጉዳይ የምትለዋን ሲላት ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ሁለቱም መስመሩን አፍጥጠው ያዩ ጀመር፣ እርስ በርስ ላለመተያየት።

«ነርስነቱን ለምን ተውሽው?» አለ ፊውዝ ድንገት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ተይው በቃ።»

«ተውኩት።»

ተጭኗል፣ ተሳክቷል አለ ላፕቶፑ። ቅድምም እንዲሁ ብሏልና ማንም አላመነውም። ሚጢ ቀይዋን ሳትነካ ሌላኛውን ቁልፍ ተጫነች። መብራቷ በራች። ለቀቀችው። ጠፋች። እንደገና ተጫነች፣ በራች፣ ጣቷን አላነሳችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ፊውዝ እንዳያይባት ጎንበስ ብላ ገመዱ የላላ ይመስል ነካካችው።

እናትየው የገባችው ይሄኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ልጆቿን፣ ከዚያ ቦርዱን። ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት» አለች ሚጢ።

«ይቺን ታክል ነገር ናት ቤቴን ስታምሱት የዋላችሁት? የፍሪጁ መብራት ትበልጣታለች።» ከዚያ ጠርጠር አድርጋ አየቻቸው። «ታረቃችሁ እንዴ?»

«አልታረቅንም» አሉ ሁለቱም።

ፊውዝ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በየጠረጴዛው ይዞራል። ፊታቸው ያሉት ሁለት ጎልማሶች መብራት አልበራላቸውም፤ አንዱ «ቤት ሲሰራ ነበር» ሲል አሰልጣኙ «ቤታችሁ ውስጥ አይደለም የማያችሁ» ብሎት አለፈ። ሰዎቹ ቦርሳቸውን ሲሰበስቡ ሚጢ ማየት አልቻለችም። ፊውዝ ከፈረቃ ቀጥታ ነው የመጣው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሲያዛጋ አፉን አይሸፍንም።

አሰልጣኙ ቁልፉን ተጫነ። በራ። ለቀቀ። ጠፋ። ከዚያ ሁለተኛ ጣቱን ወደ ቀይዋ ሰደደ። ቁልፉን እንደተጫነ ቀይዋንም ነካት፣ መብራቷ ጠፋች። ለቀቃት፣ ተመልሳ በራች።

«ሪሴታችሁ ልክ ነው» አለ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። «ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ማን ነው የሰራው?»

ሚጢ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ሞያው የሱ ነው፣ ላፕቶፑ የሱ ነው፣ እኔ ነኝ ቢል ማን ይከራከረዋል።

«እሷ ናት» አለ ፊውዝ። «ያበላሸችውም እሷ ናት።»

«ያበላሸው እሱ ነው» አለች ሚጢ፣ አሰልጣኙን እያየች። «በጠየቀኝ ቃል አይደለም እንዴ የመለስኩለት?»

«መመሪያው እጇ ላይ እያለ…»

«አንተ ዝግ ነው ክፍት ነው ብለህ…»

አሰልጣኙ እስክሪብቶውን በሁለቱ መሃል ዘረጋ፣ እንደ መንገድ መዝጊያ። ስማቸው አጠገብ ምልክት አደረገ። «ማክሰኞ ሁለት ቁልፍና አራት መብራት ነው» አለ። «ይሄን የሚያህል ጉልበት ካላችሁ ለሱ አቆዩት።» ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ።

ሚጢ ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች። ማክሰኞ ብሏል። ጆሮዋ ውስጥ ደጋግማ ሰማችው። ፊውዝ ገመዱን እየጠቀለለ ከላይ አያት።

«ማክሰኞ እንዳታረፍጂ» አላት።

«አንተ ነህ የምታረፍደው። ከፈረቃ ነው የምትመጣው።»

«እኔ አርፍጄ አላውቅም።»

«ትናንት አርፍደሃል።»

«ትናንት ማን ነው ያስረፈደኝ?»

ደረጃው ጠባብ ነው፣ ጎን ለጎን ነው የወረዱት፣ አንዱ ለሌላው ላለመልቀቅ። ሽቅብ የሚወጡት ሰልጣኞች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አሳለፏቸው፣ ጭቅጭቁም መንገድ ከወጡ በኋላ ጭምር በመስኮቱ በኩል ይሰማ ነበር፣ ስለ አራቱ መብራቶች፣ የትኛው አንደኛ ይባል በሚለው።